ሳይቃጠል በቅጠል

ዛሬ ሐሳቤን የማቀርበው የገጠር ቤታችንን ከእሳት ስለ መጠበቅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጥሎ ነበር። ሣሩና አስታው ነደደ። ሕዝቡ ብዙ ታገለ፤ በኋላም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ፓርኩ የዋልያ መኖሪያ፣ ዓለም የሚያውቀው ቅርስ ነው። የእኛ ቤት ቢነድ ግን ሄሊኮፕተር ማን ይልክልናል? የእሳት አደጋ መኪና ቢጠራ እንኳ መንገድ የሌለው ጎጥ አይገባም። ስለዚህ ጥበቃው አስቀድሞ መሆን አለበት።

እስቲ ቤታችንን አስቡት። የብዙዎቻችን ጣራ ሣር ነው። ከጎኑ የጭድ ክምር አለ። ከጓሮው ባሕር ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው ደርቆ ሲረግፍ ቶሎ ይቀጣጠላል። በበጋ ደግሞ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። አንድ ፍንጣሪ ክምሩ ላይ ካረፈ፣ ከክምሩ ወደ ጣራው፣ ከጣራው ወደ ጎረቤት ነው። እህሉም፣ የከብቱ መኖም፣ ደብተራችንም አብሮ ይሄዳል።

የእኔ ሐሳብ ክምር ከቤት ይራቅ ነው። ይህን ለአባቴ ስነግረው «ካራቅነውማ ከብት ይበላዋል፣ ሌባም ይወስደዋል» አለኝ። እውነት አለው፤ ጭድ በበጋ እንደ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በእሾህ ከታጠረ ከብት አይደርስበትም። ሌባም ቢመጣ የሚወስደው አንድ ሸክም ነው፤ እሳት ግን ሁሉንም ነው የሚወስደው።

በእኛ በተማሪዎች እጅ ያለም አለ። አመድ የምንደፋው እኛ ነን። አመድ ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ፍም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ደፍተን ውኃ እናፍስበት ወይም አፈር እናልብሰው። ከብት ስንጠብቅ ድንች የምንጠብስበትንም እሳት ሳናጠፋ አንሂድ። ማር ቆራጮችም እንደዚሁ። ጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው፤ እሱ ቢቃጠል ጉዳቱ ለሁላችንም ነው። በቤታችን ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣርና ቅጠልም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጥረግ።

በመጨረሻም መምህራንን የምጠይቀው አለኝ። እኛ ስንናገር «አንተ ምን ታውቃለህ» እንባላለን። እናንተ ግን በወላጆች ስብሰባ የክምሩን ነገር ብታነሱልን ይሰሟችኋል። ሚኒ ሚዲያችንም በበጋ ሰኞ ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ያስታውሰን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና!



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል