ከሞሰቡ ጀርባ ያለው እንጨት

የሰሜን ኢትዮጵያ ማዕድ የስንደዶና የሸክላ ነው፤ የተፈለፈለ የእንጨት ዕቃ የጉራጌ፣ የሲዳማና የጅማ ሙያ ነው የሚለው አስተያየት በባህል ጥናታችን ውስጥ ተሟጋች ሳይነሣበት ኖሯል። በደጋው የነበረው ጥቂት የእንጨት ዕቃም ኑሮ ሲዘምን በሳህንና በፕላስቲክ ተተክቶ አልቋል ይባላል። ሁለቱንም እቃወማለሁ። ማስረጃዬ ደባርቅ፣ ዳባትና ከሊማሊሞ ገደል ሥር ያለው አገር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ማዕድን በእንግዳ ዓይን ማየት ነው። እንግዳ የሚያየው ፊቱ የቀረበውን ነው፤ ሞሰቡን፣ ድስቱን፣ የጠላውን መጠጫ። አጥኚም ከእንግዳው ጎን ተቀምጦ ከጻፈ ማዕዱ የሞሰቡ ክዳን ሲነሣ ይጀምርበታል። ደባርቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች የገብስ አገር ናት። አብዛኛው ገብስ ቅርፊቱ ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ለቆሎም ሆነ ለበሶ መሸክሸክ አለበት፤ የሚሸከሸከውም በእንጨት ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ሙቀጫውን ከማዕዱ ዕቃ የማይቆጥር ሰው የገብሱን ማዕድ ግማሹን ትቶታል።

ገንፎን እንውሰድ። ዱቄቱ በፈላው ውኃ ላይ እየተጨመረ ሲሄድ ይከብዳል፤ ያንን የሚችለው ጠንካራ የእንጨት ማማሰያ ነው። ብረት ቢሆን ሙቀቱ እስከ እጀታው ይዘልቃል፣ የሸክላውንም ድስት ይጎዳል። ተገንፍቶ ሲወጣም በእንጨት ገበቴ የተቀመጠ ገንፎ በቆርቆሮ ሳህን ከተቀመጠው ይልቅ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ እንጨት ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍምና ገበቴውን የያዘውን እጅም አያቃጥልም። አራስ ስትጠየቅ ገንፎውን ከብበው ከአንድ ዕቃ ለሚበሉ ሴቶች፣ ያውም በስሜን ብርድ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በበኩሌ የገበቴውን ቅርጽ ከማድነቅ ይልቅ ይህን ጥቅሙን መረዳት ይቀድማል እላለሁ።

ሙያው የደቡብ ብቻ ነው የሚለውን ደግሞ ታሪክ አይደግፈውም። ቤተ እስራኤል በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግንበኞችና አናጺዎች እንደነበሩ የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኪሪን በጥናቱ አሳይቷል። በወገራና በስሜን ማረሻውንና መጥረቢያውን የሚቀጠቅጡት ወንዶቻቸው፣ ድስቱንና ገንቦውን የሚሠሩት ሴቶቻቸው ነበሩ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። እንግዲህ ሸክላው ጸንቶ እንጨቱ ብቻ ጠፋ ብሎ የሚጽፍ ሰው የሸክላውን ባለሙያዎች መሄድ ዘንግቷል ማለት ነው።

ወደ ዘመናዊነቱ ክርክር ልምጣ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ የጠረቡት የሊማሊሞ መንገድ ለፋብሪካ ዕቃ በር መክፈቱን አልክድም። የመጠጫው ዕቃ መለወጡንም እቀበላለሁ። ነገር ግን የሳህን መምጣት የገበቴን መቅረት ብቻውን አያስረዳም። ዛፉን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለመፈልፈል የሚመቸው ዋንዛ ከ2,500 ሜትር ብዙም ከፍ ብሎ አይበቅልም። ስለዚህ ደባርቅ ላይ የሚታይ የዋንዛ ዕቃ እንጨቱ ከገደሉ ሥር ወይም ከሌላ ወይና ደጋ የመጣ ነው። በከፍታው ያሉት ኮሶ፣ ወይራና አስታ ናቸው። በከተሞቹ ዙሪያ ዛሬ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ለቤትና ለማገዶ ይሁን እንጂ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለገበቴ አይሆንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ ዋንዛንና ኮሶን ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየው በከንቱ አይደለም። ሆኖም ሰው እንጨት ሲያጣ የተወውን ዕቃ ጠልቶት ተወው ብሎ መጻፍ ምክንያቱን ከውጤቱ ማምታታት ነው። ደን ያራቆተውም እርሻ፣ ግጦሽና ማገዶ ነው፤ ተፈልፍሎ ለዓመታት የሚያገለግል ገበቴ በዚያ ጥፋት ውስጥ ያለው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው።

ስለዚህ የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማእድ ቤት ገብተው እንዲቆጥሩ እጠይቃለሁ። ሙቀጫውን፣ ማማሰያውን፣ ገበቴውን ከተሠራበት ዛፍ ስምና ከሚጠቀሙበት እናቶች ቃል ጋር ይመዝግቡ። ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ከሊማሊሞ ሥር ባሉት ቀበሌዎች ባሕር ዛፍ ለሚተክለው ገበሬ የዋንዛ ችግኝ ይስጡ፤ በገዛ ማሳው ያሳደገውን ቆርጦ ለጠራቢ መሸጥ እንደሚችልም ሲተክል አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡለት።