የአንበጣው አውሮፕላን ቀስ ብሎ የሚያርፍበት ሜዳ ከወዲሁ ይዘጋጅ

የበረሃ አንበጣ ሲመሽ ዛፍና ሰብል ላይ ሰፍሮ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ሰውነቱን እስክታሞቀው ድረስም አይነሣም። ከሞቀው በኋላ ግን ነፋስ ተከትሎ በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ኬሚካል የሚረጨው አውሮፕላን መንጋውን እንደ ሰፈረ የሚያገኝበት ጊዜ አጭር ነው። አውሮፕላኑ ያደረው ሩቅ ከሆነ፣ ደርሶ ሲያንዣብብ አንበጣው ከአንዱ ወረዳ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሄዷል።

ይህን በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የምሥራቅ አማራ ገበሬዎች በዓይናቸው አይተዋል። በተለይ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ በራያ ቆቦና በአካባቢው ማሽላውና ጤፉ ለአጨዳ በተቃረበበት ወቅት ነበር መንጋው የወረደው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 35 ሺህ ሰው በቀን የሚመገበውን ያህል እንደሚበላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያስረዳል። ሕዝቡም በጅራፍ፣ በቆርቆሮና በጩኸት ሊከላከል ደከመ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የሚነሣው ጥያቄ ስንት አውሮፕላን፣ ስንት ሊትር ኬሚካል፣ ስንት በጀት የሚል ነው። አውሮፕላኑ የት ያርፋል፣ ያ ሜዳስ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይሰማም። ይህ ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ወይም የአብራሪው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም። ግማሹ ሥራ የወረዳና የቀበሌ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ አውሮፕላን እንዴት እንደሚያርፍ ማወቅ ይጠቅማል። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚሸከመው በቂ አየር በላዩና በሥሩ ሲያልፍ ነው። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ክንፉ መሸከም ያቅተውና አውሮፕላኑ ይወድቃል። ክንፉ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሸከም የሚያቆም አውሮፕላን ቢኖር፣ አብራሪው ወደ ሜዳው የሚጠጋው የዚያን 1.3 እጥፍ፣ ማለትም 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞ ነው። ትርፉ ለድንገተኛ ነፋስና ለስህተት የተቀመጠ ነው። አውሮፕላኑ ሲታጠፍ ደግሞ ክንፉ ተጨማሪ ሸክም አለበት። 45 ዲግሪ አዘንብሎ የሚታጠፍ አውሮፕላን የሚወድቅበት ፍጥነት ቀጥ ብሎ ከሚበርበት ጊዜ በ19 በመቶ ከፍ ይላል። ወደ ሜዳው ለመግባት የሚደረገው የመጨረሻው መታጠፊያ በአብራሪዎች ዘንድ እጅግ የሚፈራው ለዚህ ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ወድቆ የሚነሣበት ቦታ የለውም።

በደጋና በወይናደጋ አገር ይህ ሁሉ ይከብዳል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሞቃት ቀን አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የአብራሪው መለኪያ ያንኑ 105 ቢያሳይም፣ መሬቱ ከሥሩ የሚያልፈው በ117 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። መሬት ከነካ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም በአንድ አራተኛ ያህል ይረዝማል። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ከማረፊያው ፍጥነት አንድ አሥረኛ የሚሆን የኋላ ነፋስ ብቻውን ርቀቱን በአንድ አምስተኛ ይጨምረዋል። ጠዋት ቅዝቃዜ ሳለ ሁኔታው ሻል ይላል። ማለዳ ለርጭቱም ለማረፊያውም የሚመረጠው በአጋጣሚ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የሜዳው ነገር የሚመጣው። ሜዳው በዝናብ ተቦርቡሮ ጫፉ ተቆርጦ ከሆነ፣ መሐሉ ላይ ኩይሳ በቅሎ ከሆነ፣ ዳሩን ማሳ ገፍቶት ከሆነ፣ ለአብራሪው የሚቀረው ርቀት ያንሳል። ያነሰ ሜዳ ላይ ለመቆም ያለው ዘዴ ደግሞ አንድ ነው፤ ይበልጥ ዘግይቶ መግባት። አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ አውሮፕላኑን በሞተር ጉልበት አንጠልጥሎ፣ ያንን የጥንቃቄ ትርፍ እየበላ ይመጣል። በዚህ ሁኔታ አንድ ጊዜ ነፋስ ቢያወላውለው ወይም ሞተሩ ቢያስል መዳኛ የለውም። ቀስ ብሎ ማረፍ ጥሩ ሙያ ነው። ከልክ በላይ መዘግየት ግን ሌላ ነገር ነው። አብራሪውን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚገፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው ሜዳ ነው።

የባሕር ዛፍ ጉዳይም አለ። ለሜዳው ጫፍ ቅርብ የሆነች ቁራሽ መሬት ያለው ገበሬ ችግኝ ቢተክልባት አይፈረድበትም፤ በጥቂት ዓመት ገንዘብ ናት። ሆኖም ያ ዛፍ ሲያድግ አውሮፕላኑ ከላዩ አልፎ በድንገት ቁልቁል እንዲወርድ ያስገድዳል። ያን ጊዜ አብራሪው የሞተሩን ጉልበት በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ለሞተር ይህ ደግ አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዝ የፒስተን ሞተር ሲሠራ ቆይቶ በጋለበት ሰዓት ጉልበቱ ተዘግቶ በፍጥነት ቁልቁል ሲወርድ ሲሊንደሮቹ በድንገት ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ አብራሪ ጉልበቱን ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ፣ ከሩቅ ጀምሮ በዝግታ መውረድን ይመርጣል። ዝግተኛ አወራረድ ለሕይወትም ለሞተርም የሚበጀው ከፊቱ ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጠፋ ነው። ሽቦ ከዛፍም የከፋ ነው፤ ከአየር ላይ አይታይም።

በሬ ወይም ሰው ሜዳው ውስጥ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቢገባ አብራሪው ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ እንደገና መነሣት አለበት። የአየር ማመቂያ የሌለው የፒስተን ሞተር ግን በቆቦ ከፍታ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህሉን አጥቷል። ተርባይን ሞተርም ቢሆን ሥራ ፈትቶ ከነበረበት ሙሉ ጉልበቱ ላይ እስኪደርስ ጥቂት ሰከንዶች ይወስድበታል። ከሜዳው ማዶ ተራራ ካለ እነዚያ ሰከንዶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ እረኛው ከብቱን የሚያስወጣው አውሮፕላኑ ሲታይ ሳይሆን ገና ድምፁ ሳይሰማ መሆን አለበት።

አቧራና ጠጠርም የሞተር ጠላቶች ናቸው። ፕሮፔለር በሙሉ ጉልበት ሲሽከረከር ጠጠሩን ከመሬት አንሥቶ ራሱን ይመታል፤ ትንሽ የምትመስል ጭረት ውላ አድራ ስንጥቅ ትሆናለች። አቧራው በአየር ማጣሪያው አልፎ ከገባ የፒስተኑን ሞተር ሲሊንደር ይፍቃል፣ የተርባይኑን ስለቶች ይበላል። መፍትሔው ውድ አይደለም። አጭር ሣር ያለበት ሜዳ ከተራቆተ መሬት ይሻላል። እንዲያውም ከብት በልኩ የሚግጠው ሜዳ ለአውሮፕላን ተስማሚ ነው። አውሮፕላን በየዓመቱ ለማይመጣበት ሜዳ የግጦሽ መሬት ይከልከል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ሣሩ ይጋጥ፣ አይታረስ፣ አይታጠር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ነዳጁ የወረዳውን ግምጃ ቤት ኃላፊ በቀጥታ ይመለከታል። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከበርሜሉ ሥር ይተኛል። በርሜል ቆሞ ዝናብ ሲያድርበት ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ውኃ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሳባል። በመሆኑም ሁለቱ ክዳኖች በግራና በቀኝ ሆነው በአንድ መስመር እንዲውሉ በርሜሉ በጎኑ ተጋድሞ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጥላ ሥር መቀመጥ ይኖርበታል። ሊቀዳ ሲል ቀደም ብሎ ቆሞ ይጥለል፤ በማጣሪያ ይቀዳ፤ ከሥር ያለው ጥቂት ነዳጅ ይቅር። ለዚያች ጥቂት ነዳጅ መሳሳት ሞተሩን አየር ላይ ሊያጠፋ ይችላል። ነዳጅ አለቀ ተብሎ በጀሪካን የመኪና ቤንዚን ማምጣት ደግሞ ፈጽሞ የማይሞከር ነው።

ኢትዮጵያ ለእርሻ አውሮፕላን እንግዳ አይደለችም። አገሪቱ በ1962 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት አባላት አንዷ ናት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አግ-ካት የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ የርጭት አውሮፕላን በፈቃድ ሠርቶ «እሸት» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። ስሙ ራሱ ለማን እንደተሠራ ይናገራል። ዛሬ «ድሮንና ሄሊኮፕተር እያለ ሜዳ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ሄሊኮፕተር በእርግጥ መንደርደሪያ አይፈልግም፤ ነገር ግን የሰዓት ወጪው ከፍተኛ ነው፣ ንጹሕ ነዳጅም እንደ አውሮፕላኑ ይፈልጋል፣ አቧራም ይጎዳዋል። ድሮን ለአነስተኛ ማሳ ጥሩ ነው፤ የሚሸከመው ኬሚካል ግን ጥቂት በመሆኑ ብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋን ብቻውን አይችለውም።

ባለሥልጣናትን የሚመለከት አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። አንበጣ ሲገባ ጭንቀት አለ፤ ገበሬው ያለቅሳል፣ ከበላይ ስልክ ይደወላል። ያን ጊዜ አብራሪውን «እዚሁ አጠገብ እረፍ»፣ «አንድ ዙር ጨምር» ብሎ መወትወት ይመጣል። አብራሪው ሜዳው አያሳርፍም ካለ አያሳርፍም። ካረፈም በኋላ ሞተሩን ወዲያው አያጠፋውም፤ በዝቅተኛ ጉልበት ጥቂት ደቂቃ ያቀዘቅዘዋል። ይህ ጊዜ ማባከን መስሎት የሚቆጣ ኃላፊ እንዳይኖር ያስፈልጋል። በእነዚያ ደቂቃዎች ሕዝቡ፣ በተለይ ሕፃናት፣ እየሮጡ እንዳይጠጉ ሚሊሻው ይጠብቅ። የሚሽከረከር ፕሮፔለር ለዓይን አይታይም።

ነፋስን በተመለከተ ከገበሬ የተሻለ አዋቂ የለም። አውድማ ላይ ላይዳ ይዞ የቆመ ሰው ነፋሱ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚዞር ያውቃል። ይህ እውቀት ሜዳው ሲመረጥ አቅጣጫውን ለመወሰን ሊጠየቅ ይገባል። አውሮፕላኑ በሚመጣበት ቀንም ረዘም ያለ እንጨት ላይ የታሰረ ነጭ ጨርቅ ለአብራሪው ብዙ ይነግረዋል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ባለቤት ግን ያስፈልገዋል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሜዳውን በዕቅዱ ውስጥ ያስገባው፣ ቀበሌው ኮሚቴ ይመድብለት፣ ጫፎቹ ላይ ዛፍ እንዳይተከልና ምሰሶ እንዳይቆም ከመሬት አስተዳደር ጋር ይዋዋልበት። ክረምቱ ጎርፍ እየቆፈረ፣ ጃርት እየማሰ፣ ሣር እየሸፈነው ስለሚወጣ ዋናው ምርመራ መስከረም ላይ ቢሆን ይመረጣል። ኮሚቴው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይሂደው፣ ድንጋዩን ይልቀም፣ ጉድጓዱን ይድፈን። ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ በሜዳው ላይ ፈጠን ብሎ ይነዳበት። የሹፌሩ ጭንቅላት ከጣሪያው ጋር ከተጋጨ ሜዳው ገና አልተዘጋጀም።