ሙግታችሁ ሁልጊዜ ለምን ይዘገያል?

ይድረስ፦ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ሆናችሁ ድረ ገጽ ለምትሠሩ ወገኖቼ

አንጉላር 17 አዲሱን የቴምፕሌት አጻጻፍ ይዞ የወጣ ሰሞን ገሚሳችሁ «ይሄ የ@ አጻጻፍ አስቀያሚ ነው» ስትሉ፣ ገሚሳችሁ «እንዲያውም ዘግይቷል» ስትሉ ከረማችሁ። ሙግት እኔም እወዳለሁ። የምወቅሳችሁ በሰዓቱ ነው። ቨርዥኑ የወጣው ጥቅምት 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን የአጻጻፉ ሐሳብ ለውይይት የቀረበው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ክረምቱ ሲገባ ነበር። ያኔ የቀረበው አጻጻፍ እንደ ስቬልት በ{# የሚጀምር ነበር። ወደ @ ያዞረው የተጠቃሚዎች አስተያየት ነው። «እኛን ማን ይሰማናል?» የምትሉ ይህን አስቡት፤ የተናገሩት ተሰምተዋል። ከመካከላችን በጊዜው አንድ ገጽ የጻፈ ሰው ግን አላየሁም።

ሁለተኛው ወቀሳዬ የምትሟገቱበትን ነገር ይመለከታል። ያማራል አያምርም የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ ዲዛይኑን ለሚወስነው ሰውም አይጠቅመውም። ቴምፕሌት የሰው ቃልና የማሽን ምልክት በአንድ መስመር የሚጻፉበት ቦታ ነው፤ በአማርኛ የሚሠራ ሰው ደግሞ በየቃሉ ኪቦርድ ይቀያይራል። በቪዩ የማሾና የማሽላ ዋጋ የሚያሳይ ገጽ የሚሠራ አንድ ልጅ አስቡ። ርዕሱን በአማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ሳይመልስ ወደ ታጉ ይሻገርና በአትሪቢዩቱ መጀመሪያ ኮለን (:) ይጫናል። በአንዳንዱ የአማርኛ ኪቦርድ ኮለን ሲጫኑ የሚወጣው ሁለት ነጥብ (፡) ነው። ልጁ ፊደሎቹ አማርኛ ሆነው ሲመጡ አይቶ ያርማቸዋል፤ ሁለት ነጥቡ ግን ኮለን ስለሚመስል እዚያው ይቀራል። ቪዩም ቴምፕሌቱን ሲያነብ አይጮህም፤ ተራ አትሪቢዩት መስሎት ያልፈዋል። የዋጋው ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ልጁም ሰርቨሩን ሲጠረጥር ያመሻል። አጭር ምልክት ይሻላል ወይስ ሙሉ ቃል የሚለው ጥያቄ ለእኛ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። ይህን ለዲዛይኑ ወሳኞች ከእኛ በቀር ማን ይነግራቸዋል?

አንጉላር 17ም ቢሆን ከእንዲህ ዓይነቱ ጣጣ አላመለጠም። በቴምፕሌቱ ውስጥ ተራ የኢሜይል አድራሻ ስትጽፉ ከ@ በኋላ ያለውን ቃል የብሎክ ስም አድርጎ ያነበውና ስህተት ያወጣል፤ ምልክቷን በ@ መተካት ግድ ይላል። ስለ ውበቱ ከተባለው ሁሉ ይህች አንዲት ዝርዝር ትበልጥብኛለች።

ከሁሉ የከፋው መልኩ ሳይለወጥ ትርጉሙ የሚለወጥ አጻጻፍ ነው። በቪዩ 2 ቪ-ፎር እና ቪ-ኢፍ አንድ ታግ ላይ ሲገናኙ ቀድሞ የሚሠራው ቪ-ፎር ነበር። መስከረም 2013 ዓ.ም. በወጣው ቪዩ 3 ቪ-ኢፍ ቀደመ። «ከእህሎቹ ዋጋ የወጣላቸውን ብቻ አሳይ» የሚለው ያው መስመር አሁን እህሉ ገና ሳይመጣ ስለ ዋጋው ይጠይቃል፤ ገጹም ይሰበራል። ለውጡ በማሻሻያ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ መመሪያውን ለማንበብ ግን መጀመሪያ የኢንተርኔት መስመር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የምኖርባትን የማጀቴን ነገር ላንሳ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ማጀቴ ባለችበት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። አንጉላር 17 የወጣው፣ የቪዩ 2 ድጋፍም ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ያበቃው በዚያው መሐል ነው። እዚህ ያለ ልጅ ሲመለስ ያገኘው በሚያውቀው አጻጻፍ ያልተጻፉ አዳዲስ ትምህርቶችን ነው። እሱ በእነዚያ ወራት «ሽግግሩን አርዝሙልን» ማለት ባይችል አይፈረድበትም። መስመር ያላችሁት ግን ምን ትላላችሁ?

የሚቀጥለው ረቂቅ ሲወጣ፣ ገና ክፍት ሳለ፣ ከቆዩ ፕሮጀክቶቻችሁ አንዱን ወደ አዲሱ አጻጻፍ ቀይሩ። የአማርኛ ኪቦርድ ከፍታችሁ ጻፉበት። የት እንደተሰበረ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ምን ያህል ዳታ እንደበላ መዝግባችሁ ለረቂቁ አዘጋጆች ላኩ። እንግሊዝኛው ቢንተባተብም ይነበባል። ሲኒየር የሆናችሁት ደግሞ ጁኒየሮቻችሁን ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ ያለ ማብራሪያ አስነብቧቸው፤ የተሳሳቱበትን መስመር አብራችሁ ላኩ። የማያምር ከሆነ እሱን መጨረሻ ላይ ጻፉት።

አክባሪያችሁ፣
ከማጀቴ