ዘንድሮ ክረምቱ ይከብድ ይሆን? ከጉልበትዎ በፊት ማሞቂያዎን ይጠይቁ

መስከረም ሲጠባ እዚህ ናታኒያ፣ ቂርያት ኖርዳው ውስጥ፣ የአየር ሁኔታ ተንባዩ ይበዛል። እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች በየቤቱ ስለምንገባ ሁሉንም እንሰማለን። አንድ አባባ ጉልበታቸውን አሸት አሸት አድርገው «ዘንድሮ ክረምቱ ከባድ ነው» ይላሉ። «አምናም እንዲሁ ብለውን ነበር፤ ግን ቀለል ብሎ አለፈ» ስንላቸው፣ «ትንቢቴ አልተሳሳተም፤ ቀድሞ ደረሰ እንጂ!» ብለው ያስቁናል። እማማ ደግሞ በባሕሩ ዳር ያበበውን ነጭ ሐጻቭ አይተው «ከረዘመ ዝናቡ ብዙ ነው» ይላሉ። ሐጻቭ ግን የሚያብበው ባለፈው ክረምት ሥሩ ውስጥ ባከማቸው ምግብ ነው፤ የሚያወራው ስለ አምናው ነው። ልጆቹ በስልካቸው ይመካሉ። ስልኩም ቢሆን ከጥቂት ቀናት አልፎ ስለ ጥር ሲጠየቅ ከአባባ ጉልበት ብዙም አይሻልም።

እኛን የሚያሳስበን የውጪው ዝናብ ሳይሆን የቤቱ ውስጥ ብርድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ በብርድ ወቅት ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። «ናታኒያ በረዶ አይጥልም» እየተባለ ግን ስንት አረጋውያን የመብራት ሒሳብ ፈርተው ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። አንዳንዶቹ የቡናውን ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ያስገባሉ። ይህ ቀልድ አይደለም፦ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰውን እንደተኛ ይገድላል።

ስለዚህ የእኛ ትንበያ ይህ ነው፦ የተዘጋጀ ቤት ክረምቱ ይቀለዋል።

ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በ5 ሰዓት 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ማዝጋን ካለ ለዚያው ሙቀት ሲሶ ያህሉ ይበቃዋል። የማሞቂያው ገመድ የተላጠ ከሆነ ይጣል፤ ልብስም አይሰጣበት። ከጡረታቸው ጋር የገቢ ማሟያ የሚያገኙ አረጋውያን ከቢቱዋሕ ሌኡሚ በዓመት አንድ ጊዜ የማሞቂያ ድጎማ አላቸው፤ ልጆች፣ ገንዘቡ መግባቱን በባንክ ሒሳባቸው እዩላቸው። የጉንፋን ክትባት በኩፓት ሆሊም በነጻ ይሰጣል፤ መከላከል የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ብርዱን አይጠብቁ። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታትና ማዞር ከመጣ ወዲያው ወደ ውጪ ይውጡና 101 ይደውሉ።

በመብራት የሚቆጠበው ሼቄል በሆስፒታል አልጋ ከተመለሰ ቁጠባ አይባልም። ክረምቱ ከከበደ አባባ «ብዬ ነበር» ይበሉን፤ ከቀለለም ምክንያት አያጡም። እኛ የምንፈልገው በመጋቢት በሩን ስናንኳኳ ራሳቸው ከፍተው የከርሞውን ትንቢት እንዲነግሩን ነው።