«በሙሉ ድምፅ» እንዳይባል የተቀመጡት አንጋፋ የምክር ቤት አባል

ፕ/ር በየነ ጴጥሮስ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ፣ ከዲያስፖራው ሠፈር የሰማናቸው አስተያየቶች ባመዛኙ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ የሚሽከረከሩ ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. ፓርላማ መግባታቸው ልክ ነበር ወይ? በመጨረሻ ዘመናቸውስ የጠ/ሚ ዐቢይ መንግሥት የሰጣቸውን የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ዋና ዳይሬክተርነት መቀበል ነበረባቸው ወይ? ሁለቱም ሊጠየቁ ይገባል። በመሀል ግን እምብዛም ያልተነሳ ረጅም ዘመን አለ። ሰውየው ከ1992ቱ ምርጫ እስከ 2002ቱ ምርጫ በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ያሳለፏቸው ዓመታት ማለታችን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?

መልሱን ለማግኘት በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢነት ከሠራንባቸው ዓመታት የምናውቀውን አንድ ተራ ነገር እናንሳ። የፓርላማ ዜና ቅርፁ የታወቀ ነበር። «ምክር ቤቱ አዋጁን መርምሮ አጸደቀ» ይባልና ከሁለት ሐረጎች አንዱ ይከተላል፤ «በሙሉ ድምፅ» ወይም «በአብላጫ ድምፅ»። የተቃዋሚው ንግግር ተቆርጦ ሊጣል ይችላል፤ ይጣልም ነበር። «አንዳንድ አባላት ላነሷቸው ጥያቄዎች ክቡር ሚኒስትሩ በሰጡት ማብራሪያ» ተብሎ የግማሽ ሰዓት ክርክር በአንድ መስመር ያልቃል። አንባቢው ጥያቄው ምን እንደነበር ሳያውቅ መልሱን ያነባል። ነገር ግን አንድ እጅ እንኳ ለተቃውሞ ከወጣ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ቁጥሩ በአፈ ጉባኤው አንደበት ተነግሯልና። አንድ ተቃዋሚ በዚያን ዘመን በመንግሥት ጋዜጣ ላይ በርግጠኝነት ሊያሳርፈው የሚችለው አሻራ ይህ ብቻ ነበር።

ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ ገዢው ፓርቲ እንደዚያ እንዳላየው ያስታውስ። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር እንዳገኙ ሲታወቅ፣ ሊሰናበት ጥቂት ቀን የቀረው ፓርላማ ተሰብስቦ የአሠራር ደንቡን ቀየረ። ከዚያ በፊት 20 አባላት ተባብረው አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፤ አዲሱ ደንብ ከግማሽ በላይ የሆነ ድጋፍ ጠየቀ። ደንቡ በኋላ ማሻሻያ ቢደረግበትም ዓላማው ግልጽ ነበር፤ እነ በየነ መናገር ይችላሉ፣ ስለ ምን እንደሚነገር ግን አይወስኑም። ጠ/ሚ መለስ ሪፖርት ሊያቀርቡ በሚመጡበት ቀን ጥያቄው ተጠራቅሞ ይቀርባል፣ እሳቸው መጨረሻ ላይ ረዘም አድርገው ይመልሳሉ። ያሾፋሉ፤ አብላጫው ወንበር ይስቃል። መልሱ አላረካኝም ብሎ ተመልሶ መጠየቅ የለም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ለሆነ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ ጥያቄን በጥያቄ እየተከተለ ለኖረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚመር መገመት አያስቸግርም። በየነ ግን በሚቀጥለው ስብሰባም ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

አሁን ቁጥሮቹን እንመልከት። በኅዳር 1999 ዓ.ም. መንግሥት በሶማሊያ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን የሚሰጠው ውሳኔ ሲቀርብ 311 ደገፉ፣ 99 ተቃወሙ፣ 16 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሲቪክ ማኅበራትን ያሽመደመደው አዋጅ ታኅሣሥ 28 ቀን 2001 ዓ.ም. በ327 ድጋፍና በ79 ተቃውሞ አለፈ። ስንቱን ጋዜጠኛ ወኅኒ ያወረደው የፀረ ሽብር ሕግ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲጸድቅ 286 ለ91 ነበር። ነጋሪት ጋዜጣ ግን አዋጁን እንጂ እነዚህን ቁጥሮች አያትምም። ሕጉን የሚያነብ ወጣት ያን ቀን የተቃወመ ሰው ስለመኖሩ ከአዋጁ ገጽ ላይ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«ታዲያ ሁሉም አልፈዋል፤ ምን ፈየዱ? ለጋሽ አገሮች የሚታዩ አጃቢዎች ነበሩ» የሚለው ክርክር በዲያስፖራው ዘንድ ዛሬም አለ፤ ዋዛም አይደለም። ኅብረት በ1995 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የአገር ቤቶቹ መሪዎች ወደ ፓርላማ ሲያመሩ ከውጭው ክንፍ ጋር የተፈጠረው መራራ ፍጥጫ ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል። የቅንጅት መሪዎች ቃሊቲ በታጎሩበት፣ የሰኔ 1997 እና የጥቅምት 1998 ሟቾች ደም ባልደረቀበት ወቅት ወንበር ላይ መቀመጥ ለአገዛዙ የሰጠው የፊት ቀለም ነበር። ይህን አንክድም። ሕግ አስቁመዋልም አንልም። የምንለው፣ ያ ወንበር ዋጋ ቢስ ቢሆን ኖሮ ኢሕአዴግ ለማስለቀቅ ያን ያህል አይደክምም ነበር ነው። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች ለመድረክ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ቀረ። የመድረክ መሪ የነበሩት በየነ ራሳቸው ተሸነፉ ተባለ። አቶ ግርማ ሰይፉ ለአምስት ዓመት ብቻቸውን እጅ እያወጡ «በሙሉ ድምፅ»ን ሲያበላሹ ቆዩ። በ2007 ዓ.ም. እሳቸውም አልነበሩም፤ 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ።

የሚገርመው ግን ተቃዋሚ በሌለበት በዚያ ፓርላማ የሆነው ነው። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ድምፅ ሲሰጥ 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የደገፉት 346 ናቸው ተብሎ ተነገረ፤ ይህ ሁለት ሦስተኛውን አይሞላም። ከዚያ ቁጥሩ «ተስተካክሎ» 395 ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሳምንት ወሬ የነበረው ስለ አዋጁ ይዘት ሳይሆን ስለ ቆጠራው ነበር። በየነ በነበሩበት ዘመን አገር ምድሩ ቸል ያለው የተቃውሞ ቁጥር ነው እንግዲህ በአንድ ቀን አገር ያነጋገረው።

በ2013ቱ ምርጫ ማግሥት ጥቂት ተቃዋሚዎች እንደገና ገቡ። ከአብን የተመረጡት አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን እንዲመሩ ተደረገ፤ የመሥሪያ ቤቶችን የኦዲት ጉድለት በአደባባይ ይጠይቁ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ታሰሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳው ግን ከታሰሩ ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

የፕ/ር በየነ የፓርላማ ዓመታት ቃለ ጉባኤዎች ያሉት አዲስ አበባ ነው። እዚህ በስደት ያሉ የታሪክና የፖለቲካ ምሁሮቻችን ስለ 1997 ብዙ ጽፈዋል። እስኪ አንዱ ደግሞ እነዚያን ቃለ ጉባኤዎች አስፈልጎ፣ ማን በየትኛው አዋጅ ላይ ምን ጠይቆ ምን ተመለሰለት የሚለውን በስም ይዘርዝርልን። እኛም ለማስነበብ ዝግጁ ነን።