ከዕልልታው በኋላ

ማታ ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል መቀመጫ ማግኘት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ የግቢያችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኳስ በሌለበት ምሽት ያን ሁሉ ሕዝብ የሚሰበስበው ተከታታይ ድራማ ነው። ባለፈው ሰሞንም እንዲሁ ተሰብስበን ሳለ የድራማዋ ባለታሪክ ወለደች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ከኋላ የተቀመጡት እኅቶቻችንም ዕልል አሉ። በቀጠሉት ምሽቶች ግን ያ ሕፃን ጠፋ ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ በሠራተኛ እጅ ታቅፎ ይታያል፤ አያለቅስም፤ አይታመምም። እናቱም ፀጉሯን ተሠርታ፣ ፊቷን ተኳኩላ፣ ጠላቶቿን ለመበቀል ትወጣለች። የቀረው ጭቅጭቅ ሁሉ «ልጁ የማን ነው?» የሚል ብቻ ሆነ።

በዚያች ሌሊት ወደ መኝታችን ስንመለስ አንድ ጥያቄ ተነሣብን። ከእነዚህ ድራማዎች ደራስያን መካከል አራስ ቤት ገብቶ ትንሽ የቆየ ሰው ይኖር ይሆን?

ውድ አንባብያን፣ ይህን በቀልድ ያነሣነው እንዳይመስላችሁ። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተመለሱ የውጭ አገር ድራማዎችን ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የቱርክ አማትና ምራት በየሳሎናችን ሲጣሉ ማየት የለመድነው ነገር ሆኗል። በገዛ እጃችን የተሠሩትም ብዙዎች ናቸው። ሕዝባችን ከመጽሐፍ ይልቅ ስለ ትዳር የሚማረው ከዚህ መስኮት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። እንግዲህ መስኮቱ የሚያሳየው ልደቱን ብቻ ሆኖ ከልደቱ በኋላ ያለውን ከሸፈነ፣ ነገ ባልና ሚስት የምንሆነው እኛ ምን ይዘን እንገባለን?

እውነተኛው ድራማ የሚጀምረው ዕልልታው ሲያበቃ ነው። እስቲ በሐዋሳችን ያለውን አንድ ቤት እናስብ። ጠያቂው ይጎርፋል፤ በአንዱ ቤት ገንፎ፣ በሌላው ቡርሳሜ ይቀርባል። ለዚህ ሁሉ ቅቤው፣ ቡናው፣ ስኳሩ በዱቤ የመጣ ሊሆን ይችላል። የባል እናት በአንድ በኩል፣ የሚስት እናት በሌላ በኩል ይቀመጣሉ፤ ሕፃኑ እንዴት ይታጠብ፣ ምን ይቅመስ በሚለው አይስማሙም። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ጠቡም የሚከፋው ስለዚሁ ነው። አባት በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ደጅ ደጁን ይላል። አራሷ አጥሚቷን ይዛ ለሁሉም ፈገግ ትላለች፤ ሌሊቱን ግን ዐይኗ አልተከደነም።

ሕጋችንም ቢሆን ነገሩን ግማሽ መንገድ ነው የሄደለት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛዪቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጣት፣ ለባሏ የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን አባት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ እኩልነቱም አብሮት ከቤት ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከየገጠሩ ወደ ከተማችን ስቧል። በኪራይ ክፍል የምትወልድ፣ እናቷ በቅርብ የሌለችላት እኅት ሁኔታ ከዚህም የባሰ ነው።

የሩቅ ነገር የምንናገር እንዳይመስል ስለ ራሳችን እንናገር። ከክፍላችን ጓደኞች አንዲቱ ትምህርቷን ሳትጨርስ አግብታ ወለደች። ገንዘብ አዋጥተን፣ ሳሙናና ስኳር ገዝተን ሄድን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልን፤ ገንፎውን በላን፤ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ተከራከርን፤ ተሳስቀን ተመለስን። ትምህርቷን ለአንድ ሴሚስተር ብቻ አቋርጣ ትመለሳለች ብለን ነበር፤ አልተመለሰችም። ከወራት በኋላ ገበያ ላይ ስናገኛት ከባሏ ጋር መነጋገር እንዳቆሙ፣ ቀን ቀን ያለ ምክንያት ታለቅስ እንደ ነበር ነገረችን። «ያን ቀን ሁላችሁም ልጁን አያችሁት፤ እኔን ያየኝ ግን አልነበረም» አለችን። መልስ አጣን። የተማርን ነን የምንለው እኛ በአራስ ቤቱ ያሳየነው ጠባይ ከዚያ ድራማ ደራሲ በምን ተሻለ?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ ሴቶች 19.8 ከመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድብርት፣ ያገኛቸዋል። ይህም ከአምስት እናቶች አንዲት ማለት ነው። እናቶቻችን «አራስ ብቻዋን አትተውም» ሲሉ ክፉ መንፈስን ፈርተው ቢሆንም እንኳ ሥርዐቱ ትልቅ ጥበብ ነበረበት። እኛ ግን ጠያቂ መብዛቱን ከአለመተው ጋር አንድ አድርገነዋል። በሰው ተከብቦም ብቻ መሆን አለ።

አንዳንዶች «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» ይሉን ይሆናል። እኛም የማንንም ቤት ስም ጠርቶ ማዋረድ አንወድም። ድራማ የተፈጠረው ግን ለዚሁ ነው፤ የማንም ያልሆነውን ቤት አሳይቶ እያንዳንዱ የራሱን እንዲያይ ያደርጋል። ደግሞም ድራማዎቻችን ገመናን ከማውጣት መች ተቆጠቡ? መርዙንና የስርቆሽ ፍቅሩን ያለ ኀፍረት ያሳዩናል። የሚያፍሩት በተራው ድካም ብቻ ነው።

«እንዲህ ያለውን ተራ ነገር ማን ያይልናል?» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ መልሱ ከገዛ አገራችን ይገኛል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተሰራጨው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች.አይ.ቪ. የሚያስተምር ድራማ ነበር። በዚያው ዘመን በኦሮምኛ ከተሰራጨው ተከታታይ ጋር ከ15,000 በላይ የአድማጭ ደብዳቤ እንደ ደረሰው ይታወቃል። ሰው ብዕር አንሥቶ የጻፈው የራሱን ቤት ስለ ሰማ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። በግቢያችን ድራማ የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ትዕይንታችሁ አንድ አራስ ቤት አስገቡን። አማቲቱን ጭራቅ፣ ባልየውን አውሬ አታድርጉብን፤ ሁሉም ደክሟቸው፣ ሁሉም ተዋድደው እንዴት እንደሚጎዳዱ አሳዩን። መምህራኖቻችን ደግሞ ወልዳ የምትመለስ ተማሪ ስትመጣ ያመለጣትን ትምህርት ከመቁጠር በፊት እንዴት እንደ ከረመች እንዲጠይቋት በአክብሮት እንለምናለን።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል፤ እናቲቱስ በማን ዕድል ትኖራለች? ከእንግዲህ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ሕፃኑን ከማቀፋችን በፊት ወደ አልጋው ቀርበን «አንቺስ እንዴት ነሽ? ተኝተሻል ወይ?» እንበል። መልሷንም እስክትጨርስ እንስማት። ስንወጣም ዕቃውን አጥበን እንውጣ።