ስለ አዋላጅ ምርጫ

ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛውን ከመቅጠሩ አስቀድሞ የሠራውን ሥራ ሄዶ ያያል፤ ዋስም ይጠይቃል፤ ውሉንም አስጽፎ ያስፈርማል። በችሎት የሚከራከርም ሰው ጠበቃውን የሚመርጠው ሕግ ዐዋቂነቱን መርምሮ ነው። ዳሩ ግን ሚስቱ በፀነሰች ጊዜ አዋላጇን እንዲህ ባለ ጥንቃቄ የሚመርጥ ባል ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ምጡ እስኪመጣ ይቆይና በሌሊት ደንግጦ በቅርብ የተገኘችውን ያስጠራል። በድንጋጤ የሚደረግ ምርጫ ግን ምርጫ ሊባል አይገባውም። ስለዚህ አዋላጅ እንዴትና መቼ ልትመረጥ እንደሚገባ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

የማዋለድ ሥራ እጅግ የቆየና የተከበረ ሥራ ነው። በኦሪት ዘፀአት የፈርዖኑ የራሱ ስም ሳይጻፍ የሁለቱ አዋላጆች የሲፓራና የፉሐ ስም ተጽፎ ይገኛል። በአገራችንም የጎረቤት ባልቴቶች «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ምጥ የያዛትን ሴት ሲያበረቱና ወገቧን ደግፈው ሲይዙ ኖረዋል። ይህ ማጽናናት እጅግ ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የምታምጥ ሴት የወደደችው ሰው ከአጠገቧ እንዲሆን ይመክራል። ነገር ግን ማጽናናትና ማዋለድ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ደም በበዛ ጊዜ፥ ወይም የእናቲቱን ሰውነት ባንቀጠቀጣት ጊዜ ደግነት ብቻውን አያድንም። እንግዲህ ጎረቤቲቱ ለማጽናናት ትቅረብ፤ ለማዋለድ ግን የተማረችና የሥራ ፈቃድ ያላት ትመረጥ። እርስዋንም ለመመርመር ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

መጀመሪያው ስለ እጅ ንጽሕና ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም፥ አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ክፍል ይልቅ ሐኪሞች በሚያዋልዱበት ክፍል ብዙ እናቶች በአራስ ትኩሳት ሲሞቱ አየ። ነገሩን ሲመረምር ሐኪሞቹ ሬሳ ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በሚገባ ሳያነጹ ያዋልዱ እንደ ነበር ተረዳ። ስለዚህ ክሎሪን ባለበት ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በአፕሪል ወር ከ100 እናቶች 18 ያህል የሞቱበት ክፍል በጁን ወር ሟቾቹ ከ100 ወደ 2 ወረዱ። ሆኖም በጊዜው ብዙ ታላላቅ ሐኪሞች ምክሩን አልተቀበሉትም። በሊቃውንት እጅ እንኳ ይህ ከደረሰ፥ አዋላጂቱን ስለ እጅ መታጠብ፥ ስለ ጓንትና እትብት ስለሚቈረጥበት መሣሪያ ንጽሕና መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ልጁ ከተወለደ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ሕፃኑ አልቅሶ እልልታው ሲሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ብርቱው የደም መፍሰስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ማኅፀን ካልተኮማተረ እናቲቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሥራዋን የምታውቅ አዋላጅ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ኦክሲቶሲን የተባለውን መርፌ ትወጋለች፤ የእንግዴ ልጁ ሳይጐድል መውጣቱን ትመረምራለች፤ ማኅፀኑንም እየዳሰሰች የሚፈሰውን ደም ትጠብቃለች። መድኃኒቱ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ስለ ሆነ የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው «ከዐቅምዎ በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ነው። አንዳንድ ሰው «ማንንም ወደ ሐኪም ቤት ልኬ አላውቅም» የምትለውን ይመርጣል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መልካሚቱ አዋላጅ በየትኛው ምልክት፥ ወደ የትኛው ሐኪም ቤት፥ በምን ማጓጓዣ እንደምትልክ አስቀድማ የምትናገር ናት። ምልክቶቹም ደም መታየት፥ ጽኑ ራስ ምታት፥ የዓይን ብዥታ፥ የፊት ማበጥ፥ ትኩሳት፥ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስና የምጥ መራዘም ናቸው። በምጥ መራዘም ብዙ እናቶች ልጃቸውን ከማጣታቸውም በላይ ሽንታቸውን መቈጣጠር ተስኗቸው ከሰው ተለይተው ኖረዋል። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሐኪም ቤት ያቋቋሙት እነዚህን እናቶች ለማከም ነበር። ኋላም በ2007 እ.ኤ.አ. የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው ጉዳቱን አስቀድሞ ለመከላከል ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትመረመር፥ የመጀመሪያውም ምርመራ በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን መክሯል። ስለዚህ አዋላጂቱ በፅንሱ መጀመሪያ ትፈለግ። ምርጫውም የባል ብቻ አይሁን፤ ሕመሙ የሚስት ነውና የምታፍራትን ወይም የምትፈራትን አዋላጅ በግድ አታምጡባት።

አሁን የቀረው የባለቤቱ ፋንታ ነው። አዋላጂቱ «ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ» ባለች ጊዜ በብዙ ቤት ነገሩ የሚዘገየው «ጌታው ይምጣ፤ ሳይፈቅድ እንዴት ይሆናል?» እየተባለ ነው። ጌታው በሥራ ጉዳይ ሩቅ አገር ሊሆን ይችላል፤ ደም ግን ጌታውን አይጠብቅም። ስለዚህ ባለቤቱ ገና በጤናው ቀን አማቱንና ቤተ ሰቡን ሰብስቦ፥ አዋላጂቱ ባዘዘች ጊዜ እርሱን ማንም እንዳይጠብቅ በግልጽ ይናገር። ገንዘቡን ለይቶ ያስቀምጥ፤ መኪናውን ያሰናዳ፤ ደም ሊሰጡ የሚችሉ ዘመዶችንም ያነጋግር።

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ መመረቅ መልካም ነው። ነገር ግን ምርቃቱን የሚሰጥ ባል ፈቃዱንም አብሮ አስቀድሞ ይስጥ።